ሚዛኑን የማይሰብር ምሕረት

በየዓመቱ የካቲት 16 ቀን፣ የኪዳነ ምሕረት በዓል ሲከበር፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአንድ ሰው በላ ታሪክ ይተረካል። በላዔ ሰብእ የቅምር አገር ሰው ነው። ተአምረ ማርያም እንደሚያወሳው ቀድሞ ባለጸጋና እንደ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ ነበር፤ ሰይጣን በእንግዳ አምሳል ቤቱ ገብቶ ልጁን እስከማሳረድ አደረሰው፤ የልጁን ሥጋ ከቀመሰ ወዲያ ሌላ ምግብ አልጥመው አለ። ሚስቱን፣ ቤተሰቡን፣ ቀጥሎም ያገኘውን ሁሉ እየበላ 78 ነፍስ አጠፋ። አንድ ቀን ገላውን ቁስል የወረሰው ድኻ በውኃ ጥም ሲቃጠል አገኘ። ድኻው በእግዚአብሔር ስም ቢለምን፣ በጻድቃን በሰማዕታት ስም ቢለምን ሰሚ አጣ፤ በማርያም ስም ሲለምን ግን የሰው በላው ልብ ራራና ጥርኝ ውኃ ሰጠው። በሞተ ጊዜ 78ቱ ነፍሳት በአንድ ወገን፣ ያቺ ጥርኝ ውኃ በሌላው ወገን ለሚዛን ቀረቡ። ውኃዋ ቀለለች። ድንግል ማርያም ጥላዋን ስታሳርፍባት ግን ሚዛን ደፋች፤ ሰውየውም ዳነ።

ተአምረ ማርያም ከአረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ በነገሡት በዐፄ ዳዊት ዘመን እንደሆነ ይታመናል። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደግሞ መጽሐፉ በየበዓላቱ እንዲነበብ ሥርዓት አበጁለት። የበላዔ ሰብእ ታሪክ ማንበብ የማይችለውም ሕዝብ ጆሮ ውስጥ የገባው፣ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳም ላይ የተሣለው በዚህ መንገድ ነው። ሰሚው ግን ከጥንትም በሁለት ይከፈላል። ለአንዱ ታሪኩ የተስፋ ጫፍ ነው፤ እሱ ከዳነ ተስፋ የሚቆርጥ ማን አለ ያሰኘዋል። ለሌላው ደግሞ ማሰናከያ ነው፤ 78 ሰው የበላ በጥርኝ ውኃ ከዳነ ፍርድ ወዴት አለ ያሰኘዋል። ሁለቱ ወገኖች ሲከራከሩ የማያስተውሉት የጋራ እምነት አላቸው። ምሕረት ከመጣ ሚዛን ቀረ ብለው ያስባሉ፤ አንዱ በዚህ ይጽናናል፣ ሌላው ይቆጣል። የዚህ ምዕራፍ ክርክር ከሁለቱም ይለያል፦ ታላላቆቹ የምሕረት ታሪኮች ሚዛኑን አይጥሉትም፤ እንዲያውም ምሕረት ትርጉም የሚያገኘው ሚዛኑ በቆመበት ቦታ ብቻ መሆኑን ነው የሚያስተምሩት።

ለዚህ የመጀመሪያው ማስረጃ ታሪኩ ራሱ የተሠራበት መንገድ ነው። ሁሉን ቻይ የሆነ አምላክ አንድን ኃጢአተኛ ማዳን ከፈለገ መመዘን ለምን ያስፈልገዋል? ተራኪው ሰውየው ተጸጸተ፣ እግዚአብሔርም ማረው ብሎ መጨረስ ይችል ነበር። እሱ ግን በላዔ ሰብእን ለሚዛን ያቀርበዋል፤ የሞቱትን ቆጥሮ ቁጥራቸውን ይነግረናል፤ ይህ ሳይበቃው ውኃዋ መቅለሏን አይደብቅም። የመጀመሪያው ፍርድ እውነተኛ ፍርድ ነው። ጥርኝ ውኃ 78 ነፍስን አይመዝንም፤ ማንም ይመዝናል አላለም። ጥላው የሚያርፈው ይህ እውነት በግልጽ ከታየ በኋላ ነው። ጥላው ካረፈ በኋላም ቢሆን ከዚያኛው ወገን አንዲት ነፍስ አልተነሣችም፤ የተጨመረው በውኃው በኩል ነው።

ይህ አሠራር የአንድ መጽሐፍ ወይም የአንድ ሃይማኖት ብቻ ቢሆን ኖሮ የተራኪ ስልት ነው ብለን ባለፍነው ነበር። ግን በእስልምና ትውፊት እጅግ ከሚታወቁት ሐዲሶች በአንዱ ውስጥም እናገኘዋለን። ሐዲስ አሰባሳቢዎቹ ቡኻሪና ሙስሊም ሁለቱም በዘገቡት በዚህ ሐዲስ ነቢዩ ሙሐመድ 99 ሰው ስለገደለ ሰው ይናገራሉ። ሰውየው ተውባ (ንስሐ) ይኖረው እንደሆነ አንድ መነኩሴ ዘንድ ሄዶ ጠየቀ። መነኩሴው የለህም ሲለው እሱንም ገድሎ መቶ ሞላ። ቀጥሎ ያገኘው ዐዋቂ ግን በእርሱና በተውባ መካከል ማን ሊቆም ይችላል አለውና መጥፎ አገሩን ትቶ ደጋግ ሰዎች ወደሚኖሩበት አገር እንዲሄድ መከረው። ሰውየው በመንገድ ላይ ሞተ። የእዝነት መላእክትና የቅጣት መላእክት ተከራከሩበት፤ ሁለቱን አገሮች ለኩና ወደቀረበው ይሁን ተባለ። ሲለካ ወደ ደጋጎቹ አገር በስንዝር ቀርቦ ተገኘ። በአንዱ ዘገባ ደግሞ አላህ አንዷን ምድር ራቂ፣ ሌላይቱን ቅረቢ ብሎ እንዳዘዘ ተነግሯል።

ሁለቱን ትረካዎች ጎን ለጎን ስናያቸው መመሳሰላቸው ያስገርማል። በአንደኛው ጥላ ሚዛን ላይ ያርፋል፤ በሌላኛው ምድር ትንቀሳቀሳለች። በሁለቱም የሟቾቹ ቁጥር በትክክል ይነገራል። በሁለቱም ከሳሽ አለ፣ ክርክር አለ፣ ልኬት አለ። ምሕረት አድራጊው ኃይል ዳኝነቱን በትኖ መሄድ ሲችል ልኬቱ እስኪጠናቀቅ ይጠብቃል፤ ወሳኙ ድርሻም የእርሱ መሆኑ ለሁሉም እንዲታይ ያደርጋል። ልኬቱ አያስፈልግም የሚል ሰው፣ ተራኪዎቹ ለምን እንዳላስቀሩት ማስረዳት አለበት። እኔ የማየው ምክንያት ይህ ነው፦ ሚዛኑ ከተነሣ አብረው የሚነሡት ሟቾቹ ናቸው። ሳይቆጠሩ የታለፉ 78 ሰዎች ዋጋ እንደሌላቸው ተቆጥረዋል ማለት ነው። በደሉ ምን ያህል እንደሆነ ሳይታወቅ የተሰጠ ይቅርታም ይቅር ያለው ምኑን እንደሆነ አያውቅምና ከመርሳት አይለይም።

ሚዛኑ ከቆመ ግን በሌላው ወገን የተቀመጠው ትንሽ ነገር ምንድን ነው? የመዳን ዋጋ ነው ብለን ብንረዳው ታሪኮቹ ሁሉ ይፈርሳሉ፤ ገነት በጥርኝ ውኃ ትሸጣለች ማለት ይሆናልና። እዚህ ላይ የትንሹን ሥራ ዓይነት ልብ ማለት ይገባል። በሌላ የቡኻሪ ዘገባ ከእስራኤል ልጆች የሆነች አንዲት ሴተኛ አዳሪ በጥም የሚሞት ውሻ ጉድጓድ አጠገብ ታያለች። ጫማዋን አውልቃ በራስ መሸፈኛዋ አስራ ውኃ ቀድታ አጠጣችው፤ በዚህም ምሕረት አገኘች። በላዔ ሰብእ ያጠጣው ድኻ፣ ሴትዮዋ ያጠጣችው ውሻ፣ ሁለቱም ብድር መመለስ የማይችሉ ፍጥረታት ናቸው። ሰጪው ምንም አያተርፍም፤ የሚያየውም የለም። ድርጊቱ ዋጋ ሆኖ ሳይሆን ምልክት ሆኖ ነው የሚቆጠረው፤ ርኅራኄ በዚያ ሰው ውስጥ ጨርሶ እንዳልሞተች ያሳያል። ሌላውን የሚምር ፍጥረት የተገኘበት ቅጽበት ነው ለመለኮት ምሕረት በር የሆነው።

ፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ እ.ኤ.አ. ከ1879 እስከ 1880 ባሳተመው የካራማዞቭ ወንድማማቾች ልብ ወለድ ይህንኑ በተቃራኒው በኩል ያሳየናል። ግሩሸንካ ለአልዮሻ በምትነግረው ተረት ውስጥ አንዲት ክፉ አሮጊት በዕድሜዋ የሠራችው መልካም ነገር ለአንዲት ለማኝ የሰጠችው አንድ ሽንኩርት ብቻ ነው። ጠባቂ መልአኳ ያንኑ ሽንኩርት ወደ እሳቱ ባሕር ዘርግቶ ይዛ እንድትወጣ ይጎትታታል። ሌሎች ኃጢአተኞች አብረው ለመውጣት ሲንጠለጠሉባት ሽንኩርቱ የራሷ መሆኑን እየተናገረች በእግሯ ትገፋቸዋለች፤ በዚያው ቅጽበት ሽንኩርቱ ይበጠሳል። ሽንኩርቱ እስከዚያ ድረስ አልከበደውም ነበር፤ የበጠሰው የባለቤትነት ስሜቷ ነው። ስጦታ ሆኖ የተሰጠው ነገር ንብረት ሆኖ ሲጠየቅ ኃይሉን ያጣል። የበላዔ ሰብእን ውኃ እንደ ዋጋ የሚያነብ ሰውም፣ በታሪኩ የሚደሰት ይሁን የሚቆጣ፣ የአሮጊቷን ስሕተት ይደግማል።

በዚህ አስተሳሰብ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ጥንታዊ ነው፦ እንዲህ ያለ ምሕረት ወንጀልን ያደፋፍራል። ዛሬ የፈለግሁትን ሠርቼ ነገ ጥርኝ ውኃ እሰጣለሁ የሚል ሰው ምን ይከለክለዋል? ለዚህ ጥያቄ ጣሊያናዊው ባለቅኔ ዳንቴ አሊጊየሪ በመለኮታዊ ኮሜዲ ውስጥ በአንድ አባትና በአንድ ልጅ መልስ ሰጥቷል። ልጁ ቡኦንኮንቴ ዳ ሞንቴፌልትሮ እ.ኤ.አ. በ1289 በካምፓልዲኖ ጦርነት የሞተ የጦር አለቃ ነው፤ ዳንቴ ራሱ በዚያ ጦርነት በተቃራኒው ወገን ተሰልፎ ነበር። በቅኔው ውስጥ ቡኦንኮንቴ ጉሮሮው ተወግቶ እየደማ ወንዝ ዳር ይደርሳል፤ የማርያምን ስም ጠርቶ ይወድቃል። መልአክ ነፍሱን ሲወስድ ሰይጣን ስለ አንዲት ጠብታ እንባ ተቀማሁ ብሎ ያማርራል። ነፍሱን ያጣው ሰይጣን በሬሳው ላይ ቁጣውን ይወጣል፤ ጎርፍ አስነሥቶ ያስወስደዋል። የቡኦንኮንቴን ነፍስ የምናገኛት ነፍሳት ወደ ገነት ከመግባታቸው በፊት በሚነጹበት ተራራ ላይ ነው።

አባቱ ጉዊዶ ደግሞ ከልጁ እጅግ የተሻለ ዋስትና ነበረው። በስተርጅና ጦረኝነቱን ትቶ የፍራንሲስካውያንን የምንኩስና ልብስ ለብሷል። ጳጳሱ ቦኒፋስ 8ኛ ጠላቶቻቸውን በሐሰት ቃል ኪዳን የሚያታልሉበትን ምክር ሲጠይቁት፣ ኃጢአቱን ገና ሳይሠራው አስቀድመው ፈቱት። ጉዊዶም ፍትሐቱን ተማምኖ መከረ። በሞተ ጊዜ ቅዱስ ፍራንሲስ ሊወስደው ሲመጣ ጥቁር መልአክ ቀደመው፤ ያልተጸጸተ ሰው አይፈታም፣ አንድን ነገር በአንድ ጊዜ መፈለግና መጸጸትም አይቻልም ብሎ በሎጂክ ረታው። የጳጳስ ፍትሐት የያዘው አባት ሲኦል ገባ፤ አንዲት ጠብታ እንባ የያዘው ልጅ ዳነ። ከክርስቶስ ልደት ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የተጠናቀረው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ ሚሽናም ዮማ በተባለው ክፍሉ ተመሳሳይ ፍርድ አለው፦ ኃጢአት እሠራለሁ፣ በኋላም ንስሐ እገባለሁ ብሎ ለሚያስብ ሰው የንስሐ ዕድል አይሰጠውም። አስቀድሞ የታሰበ ምሕረት ምሕረት መሆኑ ይቀርና የወንጀሉ ዕቅድ አንድ ክፍል ይሆናል። በእነዚህ ታሪኮች ምሕረት ካገኙት አንዱም ምሕረቱን አስቀድሞ አልቆጠረበትም፤ በላዔ ሰብእ ውኃውን ሲሰጥ ስለ ሚዛን አያስብም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ግን ከዚህ እጅግ ይከብዳል። ከዶስቶየቭስኪ ገጸ ባሕርያት አንዱ የሆነው ኢቫን ካራማዞቭ ለወንድሙ ለአልዮሻ በሕፃናት ላይ የተፈጸሙ ጭካኔዎችን ይዘረዝርለታል። አንድ ጄኔራል አንድን ትንሽ ልጅ በእናቱ ፊት በአደን ውሾች ያስበላዋል። ኢቫን በዓለም ፍጻሜ እናትየዋ ጄኔራሉን አቅፋ ፍርድህ ትክክል ነው ብላ አምላክን ብታመሰግን እንኳ አልቀበልም ይላል። ስለ ራሷ ሐዘን ይቅር ልትል ትችላለች፤ ስለ ልጁ ሥቃይ ግን ልጁ ራሱ ይቅር ቢል እንኳ እሷ የማለት መብት የላትም። በቅምር የተበሉት 78 ሰዎችም በታሪኩ ውስጥ አንዲት ቃል አይናገሩም። ማንም አልጠየቃቸውም። ተበዳዩ ዝም ባለበት ሌላ ሰው፣ ሌላው ቀርቶ ሰማይ ራሱ፣ ይቅር ሊል ይችላል?

ይህን ጥያቄ የሃይማኖት ሰዎች ከኢቫን ብዙ መቶ ዓመት ቀድመው ጠይቀውታል፤ መልሳቸውም ኢቫን ከሚገምተው በላይ ለተበዳዩ ያደላል። ያው ዮማ የተባለው የሚሽና ክፍል በሰውና በአምላክ መካከል ያለውን ኃጢአት የማስተስረያው ቀን ያስተሰርየዋል፤ በሰውና በሰው መካከል ያለውን ግን በዳዩ ተበዳዩን እስኪያስታርቅ ድረስ አያስተሰርየውም ይላል። በ13ኛው መቶ ዓመት የኖሩት ኢማም ነወዊይ የመቶ ሰው ገዳዩን ሐዲስ ያስገቡት ሪያዱ ሷሊሒን በተባለው መጽሐፋቸው የተውባ ምዕራፍ ውስጥ ነው። በዚያው ምዕራፍ መግቢያ ላይ ግን የተውባን መስፈርቶች ይዘረዝራሉ፦ ከኃጢአቱ መራቅ፣ መጸጸት፣ ላይመለሱ መቁረጥ፤ የሰው ሐቅ ካለበት ደግሞ አራተኛ መስፈርት ይጨመራል፣ ሐቁን ለባለቤቱ መመለስ ወይም ማስማማት። ሐዲሱን ከምዕራፉ ነጥሎ የሚያነብ ሰው ግማሹን ትምህርት አስቀርቶታል። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5ም ወንድሙ የተቀየመው ሰው መባውን መሠዊያው ፊት ትቶ መጀመሪያ ሄዶ እንዲታረቅ ያዝዛል። የአገራችን ሽምግልና በነፍስ ግድያ ጊዜ የሚከተለው መንገድም ከዚህ አይርቅም፤ ገዳይ የንስሐ አባት ዘንድ ቀኖና ቢቀበልም የሟች ወገን ካልተካሰና ደም ካልደረቀ በመንደሩ እንደ ልቡ አይኖርም።

ለሞተው ተበዳይ ግን ምን መልስ አለ? በ12ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የኖረው አይሁዳዊው ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስ ስለ ንስሐ በጻፈው ሕግ ተበዳዩ ከሞተ በዳዩ አሥር ሰዎች ይዞ መቃብሩ ድረስ ሄዶ በደሉን በሰዎቹ ፊት ይናዘዝ ይላል። ከሙስሊም ሊቃውንት አንዳንዶቹ ደግሞ አላህ የገዳዩን ተውባ ከተቀበለ የሟቾቹን ሐቅ ከራሱ እዝነት ከፍሎ ያስደስታቸዋል ሲሉ አስረድተዋል። ሁለቱም መልሶች ኢቫንን ሙሉ በሙሉ ያረካሉ ብዬ አልከራከርም። ሟቹ በመቃብር ይቅር አይልም፤ በሰማይ መካሱንም የምንቀበለው በእምነት እንጂ በማስረጃ አይደለም። ሁለቱም ግን ሟቹን ባለ ጉዳይ አድርገው ያቆዩታል፤ ጉዳዩ ያለ እሱ ተዘግቷል የሚል የለም። የበላዔ ሰብእ ታሪክም 78ቱን ባያናግራቸው ከሚዛኑ አያወርዳቸውም። የኢቫን ክስ የሚጸናው ሟቾቹን ከረሳ ምሕረት ላይ ነው፤ እነዚህ ታሪኮች ደግሞ የተሠሩት እንዳይረሱ ነው።

ከተቃራኒው አቅጣጫ የሚመጣ ሦስተኛ ተቃውሞም አለ፤ እሱም የሚመጣው ከምሕረት ወዳጆች ነው። በ7ኛው መቶ ዓመት የኖረውና በአገራችን በመጽሐፈ መነኮሳት የሚታወቀው ማር ይስሐቅ የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ከተሾመ ከአምስት ወር በኋላ ሹመቱን ትቶ ወደ በረሓ የተመለሰ መናኝ ነው። እርሱ ምሕረትንና ፍርድን በአንድ ልብ ማኖር አምላክንና ጣዖትን በአንድ ቤት እንደማምለክ ነው ብሎ ያስተምራል፤ የሰው ሁሉ ኃጢአት በእግዚአብሔር ምሕረት ፊት ባሕር ውስጥ ከተጣለ እፍኝ አሸዋ አይበልጥም። ሚዛኑን ራሱ እዚህ ላይ ምን እንበለው? መልሱ ማን ለማን እንደሚናገር በማየት ላይ ነው። ማር ይስሐቅ የሚናገረው ለመነኮሳት ነው፤ የሚከለክላቸውም በሌላው ላይ ዳኛ ሆነው መቀመጥን ነው። የራሱን ኃጢአት የሚመዝንን ሰው አይከለክልም፤ ትምህርቱ ሁሉ ስለ ገዛ በደል በማልቀስ የተሞላ ነውና። ሌላው ቀርቶ በሲኦል ያሉት የሚሠቃዩት በፍቅር ላይ የፈጸሙትን በደል በማወቃቸው ነው ይላል። በደልን ማወቅ ከቀረ ያ ሥቃይም፣ ያ ፍቅርም ትርጉም ያጣል። ባሕሩ አሸዋውን ቢውጠውም አሸዋ አልነበረም አላሰኘም።

ይህ ሁሉ የሃይማኖትና የሥነ ጽሑፍ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1995 በሕግ የተቋቋመው የደቡብ አፍሪካ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን፣ በሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ እየተመራ፣ ለአፓርታይድ ዘመን ወንጀለኞች ምሕረት የሚሰጠው የፈጸሙትን ሙሉ በሙሉ ሲናገሩ ነበር። ከ7,000 በላይ ማመልከቻ ቀርቦ አብዛኛው ውድቅ ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ1977 በፖሊስ እጅ የሞተው የፀረ አፓርታይድ ታጋዩ የስቲቭ ቢኮ ቤተሰብ ግን ምሕረቱ ጉዳያችንን በፍርድ ቤት የማሳየት መብታችንን ይነጥቃል ብለው በ1996 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ድረስ ተከራከሩ፤ ተረቱም። ክርክራቸው ለኢቫን ክርክር ቅርብ ነበር፤ በሕግ ቢረቱም በምክንያት አልተረቱም። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ1999 ኮሚሽኑ በቢኮ ሞት ምሕረት የጠየቁትን ፖሊሶች እውነቱን አልተናገሩም ብሎ ከለከላቸው። ያ ኮሚሽን ብዙ ጉድለት ነበረበት፤ ካሳው የዘገየና ያነሰ ነበር። አንዱን መርሕ ግን አልለቀቀም፦ ሟቹ በሚዛኑ ላይ ካልተቀመጠ ምሕረት አይጠየቅም። የትናንቱን ትተን ይቅር እንባባል የሚል ጥሪ በየትኛውም አገር ሲሰማ የሚጠየቀው ጥያቄ ከዚህ ይመነጫል። ጠሪው በደሉን ቆጥሮ ከሆነ የሚጠራው፣ ጥሪው ከባድ ቢሆንም ከበላዔ ሰብእ ታሪክ ወገን ነው። ሳይቆጥር ከሆነ ግን የሚያሳርፈው ጥላ በውኃው ላይ አያርፍም፤ በሙታኑ ላይ ነው የሚያርፈው።